ከመካሪ ወደ አማካሪ

«ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል የአገራችን ሰው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። አባቴ ብሎታል፤ የክፍል ኃላፊያችን ብሎታል፤ እኔም በተራዬ ብዬዋለሁ። ከእኔ አፍ የወጣበትን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያው ቀን ነው።

በ2004 ዓ.ም. ታናሽ ወንድሜ በዚያን ዘመን ይሰጥ የነበረውን የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስዶ ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ሳያመጣ ቀረ። እኔ ዲግሪዬን ይዤ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የገንዘብ መስኮት ኋላ ከተቀመጥኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንድ ምሽት፣ ከራት በኋላ፣ ወደ ክፍሌ ገባና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር» አለኝ። ነገሩ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ የማውቀው መሰለኝ። ስለ ቴክኒክና ሙያ ነገርኩት። ስለ ማታ ትምህርት ነገርኩት። ስለ እናታችን ድካም፣ ስለ ጎረቤት ልጆች ጉብዝና፣ ስለ ራሴም ትጋት ሳይቀር ነገርኩት። አንድ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። መዝጊያዬም ከላይ የጠቀስኩት ተረት ነበር። እሱም «እሺ ጋሼ» ብሎ ተነሣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሰፈር ልጆች ጋር በጅቡቲ በኩል ወጣ። አራት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማንም።

ውድ አንባቢዬ፣ ይህን የማወጋህ ከንፈር እንድትመጥልኝ አይደለም። ስለ አንድ ሙያ ታሪክ ልጽፍልህ ስነሣ ከየት እንደተነሣሁ እንድታውቅልኝ ነው። ሙያው የትምህርት ቤትና የአእምሮ ጤና አማካሪነት ነው። በአሜሪካን አገር ሰዎች ለዚህ ሥራ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ይሠለጥኑበታል። ወሬውን ያመጣችልኝ በሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ትምህርቱን በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ «መምህሯ ሁለት ሁለት ሆነን እንድንቀመጥ አዘዘችን። አንዱ የገጠመውን ይናገራል፤ ሌላው ዐሥር ደቂቃ ምንም ምክር ሳይሰጥ ያዳምጣል። እኔ ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም፤ ‹ለምን እንዲህ አታደርጊም?› ብዬ ጀመርኩ።» እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ለሰሚው የማይረባ የሚመስለው ይህ ልምምድ ከየት መጣ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የሥነ ልቦና ምሁር አይደለሁም። ያገኘሁት ታሪክ ግን ግጥምና ልብ ወለድ ለሚወድ ሰው ባዕድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1908 በቦስተን ከተማ፣ ኖርዝ ኤንድ በሚባለው ሰፈር አንድ አነስተኛ ቢሮ ተከፈተ። ሰፈሩ ከጣሊያንና ከምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ ተጭነው የመጡ ስደተኞች ተፋፍገው የሚኖሩበት ነበር። የቢሮው መሥራች ፍራንክ ፓርሰንስ ራሱ መክሊቱን ሲፈልግ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተማረ፤ የቀጠረው የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ሲከስር የጉልበት ሥራ ሠራ፤ በትምህርት ቤት አስተማረ፤ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1895 ለቦስተን ከንቲባነት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል አንድ ወጣት ዕድሜ ልኩን የሚውልበትን ሥራ በጭፍን መምረጡ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው። ወደ ቢሮው ለሚመጡ ሁሉ ሦስት ነገር ይል ነበር፦ ራስህን እወቅ፤ ሥራውን እወቅ፤ ሁለቱን በእውነተኛ አስተሳሰብ አገናኝ። ራስን ለማወቅ ይረዱ ዘንድም ከመቶ በላይ ጥያቄዎች አዘጋጅቶ ነበር።

የእሱም ዘዴ እንከን አላጣውም። ወጣቱን እየጠየቀ በጎን የራስ ቅሉን ቅርጽ ያጤን እንደነበር ራሱ ጽፏል፤ የዘመኑ የተሳሳተ እውቀት ነበርና። ሆኖም ለሥራው የሠለጠነ ሰው እንደሚያስፈልገው ቀድሞ ገብቶታል፤ አማካሪዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት በቦስተን ወ.ወ.ክ.ማ. ውስጥ እንዲከፈት አቅዶ ነበር። ቢሮውን ከከፈተ ዓመት ሳይሞላው፣ በመስከረም 1908 ሞተ። መጽሐፉ የታተመው በማግስቱ ዓመት ነው። ከእሱ በኋላ ቢሮውን የመራው ሜየር ብሉምፊልድ እ.ኤ.አ. በ1911 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የክረምት ትምህርት ስለ ሥራ መረጣ አመራር አስተማረ። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ለዚህ ሙያ የተሰጠው የመጀመሪያ ኮርስ ይኸው እንደሆነ ይነገራል።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዱን አንባቢዬን የሚያስደስተው ግን ከቦስተን ይልቅ የግራንድ ራፒድስ ታሪክ ይመስለኛል። በሚሺጋን ግዛት በምትገኘው በዚህች ከተማ ጄሲ ዴቪስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1907 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ። ተማሪዎቹ ስለ ጠባያቸውና ስለ ወደፊት ሕይወታቸው የሚያስቡበት ጊዜ እንዲኖራቸው ፈለገ፤ ለዚህ የሚሆን አዲስ ትምህርት ግን አልነበረውም። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህራኑን ለመናቸው፤ በድርሰት ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ስለ ራሳቸውና ሊሆኑ ስለሚመኙት ነገር እንዲጽፉ ይደረግ አለ። እነሆ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የአማካሪነት ሥራ ከተወለደባቸው ጓዳዎች አንዱ የድርሰት ክፍል ነው። እኔ በተማሪነቴ ስለ ራሴ ጻፍ የተባልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱም በፊደል ግድፈት ነጥብ ተቀንሶበት ተመለሰልኝ።

ፓርሰንስ ቢሮውን በከፈተበት በ1908 ሌላም በር ተከፍቷል። ክሊፈርድ ቢርስ የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 አእምሮው ታውኮ ራሱን ከመስኮት ወረወረ፤ ከሞት ተርፎም ሦስት ዓመት ያህል በአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች ሲንገላታ ቆየ። ድብደባውንና እስሩን አየ፤ ሲድንም «ራሱን ያገኘ አእምሮ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ ጻፈ። ረቂቁን ያነበበው ታላቁ ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ አበረታታው። በማግስቱ ዓመት በቢርስ ጥረት የአእምሮ ጤንነት ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። እንግዲህ የትምህርት ቤቱ አማካሪና የአእምሮ ጤናው አማካሪ በአንድ ዓመት በሁለት ደጅ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱን የወለደው ሥራ የጠፋበት ሰው፣ ሌላውን ራሱ የጠፋበት ሰው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የፈተና ዘመን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሠራዊቷን በጽሑፍ የአእምሮ ፈተና መዘነች፤ 1.7 ሚሊዮን ያህል ወታደሮች ተፈተኑ። ከጦርነቱ በኋላ ፈተናው ወደ ትምህርት ቤት ገባ። አማካሪው ነጥብ አንባቢ ሆነ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዊልያምሰን እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አካሄድ ሥርዐት አስያዘው፦ አማካሪው መረጃ ይሰበስባል፣ ችግሩን ይለያል፣ ተማሪውንም ወደሚበጀው ይመራዋል። መካሪ ማለት በሙሉ ትርጉሙ ይህ ነው። እኔም በዚያች ምሽት ሳላውቀው የዊልያምሰን ደቀ መዝሙር ነበርኩ፤ እሱ ግን ቢያንስ መረጃ ይሰበስብ ነበር።

ነገሩን የገለበጠው ካርል ሮጀርስ ነው። ሮጀርስ ግብርና ሊማር ጀምሮ ወደ ነገረ መለኮት የዞረ፣ ከዚያም ትቶት ሥነ ልቦና ያጠና ሰው ነው። በሮቼስተር ከተማ ችግር ያለባቸውን ልጆች በሚረዳ ተቋም ሲሠራ የገጠመውን በኋላ ዘመን ጽፎታል። አንዲት እናት በጣም የሚያስቸግር ልጅ ነበራት። ሮጀርስ የችግሩ ሥር እናትየዋ ልጇን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አለመቀበሏ እንደሆነ ደረሰበት፤ ይህንንም በለዘብታ ሊያስረዳት ብዙ ጊዜ ደከመ። አልሆነም። በመጨረሻ ሁለታችንም ሞክረናል፣ ይብቃን ተባብለው ተለያዩ። ሴትዮዋ በሩ ዘንድ ስትደርስ ዞር ብላ፣ እዚህ ቤት አዋቂዎችንም ትረዳላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። አዎን ሲላት ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ፣ ስለ ተስፋ መቁረጧ ታወርድለት ጀመር። የልጁ መዳኛም የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሮጀርስ የሚያመውን የሚያውቀው ባለቤቱ መሆኑን የተማርኩት ያኔ ነው ይላል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ረዥም ጊዜ ተቀመጥኩ። ያቺ ሴት ከበሩ ተመልሳለች። የእኔ ወንድም ከበሩ አልተመለሰም።

ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1940፣ ያውም የዊልያምሰን ቤት በሆነው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ምክርን ትተን እናዳምጥ የሚል ንግግር አደረገ፤ ብዙዎች ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ጨመረ። ከአንድ ሰው ጋር ያደረጋቸውን 8 ተከታታይ ውይይቶች፣ ስሙን ለውጦ፣ ቃል በቃል አተማቸው። ድምፁ የተቀዳው በሸክላ ነበር፤ አንዱ ሸክላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ በሁለት መሣሪያ እያፈራረቁ ይቀዱ ነበር። ይህ ለሥልጠናው ትልቅ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት ተማሪው ከአማካሪና ከተመካሪ መካከል ምን እንደተባለ የሚያውቀው አማካሪው ሲተርክለት ብቻ ነበር፤ ተራኪ ደግሞ ራሱን አያሳጣም። ከሸክላው በኋላ ግን መምህሩ ከተማሪው ጋር ተቀምጦ «እዚህ ላይ ለምን አቋረጥከው?» ብሎ መጠየቅ ቻለ። እኔ ያንን ምሽት የቀዳ ሸክላ ቢኖርና ባዳምጠው፣ የወንድሜ ድምፅ ስንት ሰኮንድ ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ሐሳብ ብቻውን ግን ሠራተኛ አያፈራም፤ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ገንዘቡን ያመጣው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ላከች። አሜሪካ ደነገጠች፤ በሳይንስ ተቀደምን አለች። በመስከረም 1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግን ፈረመ። የዚህ ሕግ አንዱ ክፍል ለትምህርት ቤቶች የፈተናና የአማካሪነት አገልግሎት፣ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲዎች አማካሪዎችን ለሚያሠለጥኑባቸው ተቋማት በጀት መደበ። ዓላማው የልጅን ሆድ ማዳመጥ አልነበረም፤ ጎበዝ የሆነውን ለይቶ ወደ ሂሳብና ሳይንስ መምራት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ። የሚገርመው ታዲያ በዚህ ገንዘብ ከሠለጠኑት ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲ የተማሩት የሮጀርስን ጆሮ መሆኑ ነው። መንግሥት መልማይ ፈልጎ ከፈለ፤ አዳማጭ አገኘ።

የአእምሮ ጤናው ወንድም ተራ የደረሰው በ1963 ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የግዛት አእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ 558,000 ያህል ሰዎች ነበሩ። ታናሽ እህቱ ሮዝሜሪ በ1941 በተደረገላት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ለዘለቄታው የተጎዳችበት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ፣ ሊገደል ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጥቅምት 31 ቀን 1963 የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና ማዕከላት ሕግን ፈረመ። ሕሙማን ከግንብ ወጥተው በሰፈራቸው እንዲረዱ ታሰበ። ከታሰበው ማዕከል ብዙው አልተሠራም፤ ከግንቡ የወጡ ብዙዎችም ጎዳና ላይ ቀሩ። የተሠሩት ማዕከላት ግን ሐኪም ብቻ ሊሞላቸው አልቻለም፤ በሁለተኛ ዲግሪ የሠለጠነ አማካሪ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1976 ቨርጂኒያ ለአማካሪዎች የሙያ ፈቃድ የሰጠች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። በ1981 የሥልጠና ፕሮግራሞችን ብቃት የሚመዝን ምክር ቤት ተቋቋመ። የመጨረሻዋ ግዛት ካሊፎርኒያ ፈቃዱን በሕግ የተቀበለችው በ2009 ነው። ለአረጋውያን የሚከፍለው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር ደግሞ ለእነዚህ አማካሪዎች በቀጥታ መክፈል የጀመረው በ2024 ነው። እኔ በሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ አገር አንድን ሥራ ማመኗ የሚታወቀው የክፍያ ሰነድ ላይ ፊርማ ሲያርፍ ነው።

የአክስቴ ልጅ የገባችበት ሥልጠና እንግዲህ የዚህ ሁሉ ወራሽ ነው። መዛኙ ምክር ቤት የሚጠይቀው 60 ክሬዲት ነው። መጀመሪያ ቢያንስ 100 ሰዓት ልምምድ አለ፤ ከዚህ 40ው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ነው። ከዚያ 600 ሰዓት የተግባር ሥራ፣ ከዚህም 240ው ከባለጉዳይ ጋር። በየሳምንቱ ከአንድ ተቆጣጣሪ ጋር ቁጭ ብላ የቀዳችውን እያሰማች ትተቻለች። ዛሬ ሸክላው ቪዲዮ ሆኗል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ «እዚህ ላይ ለምን አቋረጥሽው?»

ነገር ግን ታሪኩ ሮጀርስ ላይ አያልቅም፤ አንድ ቀን እያለቀሰች ደወለችልኝ። በምትለማመድበት ትምህርት ቤት የአንድ ሐበሻ ልጅ እናት መጥተው ነበር። ልጃቸው ከሰው መነጋገር ትቷል። እሷም እንደተማረችው በትዕግሥት አዳመጠቻቸው፤ የተናገሩትን በሌላ ቃል እየመለሰች መረዳቷን አሳየቻቸው። እናትየው ግማሽ ሰዓት ተናግረው ሲጨርሱ «ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ? አትመክሪኝም?» አሏት። ዝም ስትል ቅር ብሏቸው ወጡ። ምክር የተነፈጉ፣ የተናቁም መሰላቸው። በእኛ ዘንድ እኮ ጎረቤት፣ ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ሰምተው ዝም አይሉም። ጊልበርት ሬን የሚባል የሙያው ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ አማካሪው በራሱ ባህል ቅርፊት ውስጥ ተዘግቶ የሌላውን ዓለም ሳያይ እንዳይቀር አስጠንቅቆ ነበር። የአክስቴ ልጅ ቅርፊቱ ሁለት ሆነባት፤ አንዱ የተወለደችበት፣ ሁለተኛው የተማረችበት። በሚቀጥለው ሳምንት እናትየውን ራሷ ደውላ ጠራቻቸው። «እስቲ እማማ፣ እርስዎ እስካሁን ምን ሞከሩ? የትኛው ትንሽም ቢሆን ረዳ?» ብላ ጀመረች። ከዚያ በኋላ የሚያውቁትንና የምታውቀውን አንድ ላይ አድርገው መከሩ። ልብ በል፤ «መከሩ» እንጂ «መከረቻቸው» አላልኩም።

ቋንቋችን ይህን ቀድሞ ያውቀው ነበር ልበል? ሰዋስው አዋቂዎች ይፍረዱኝ። «መካሪ» የመጣው ከ«መከረ» ነው፤ ተናጋሪ ነው። «አማካሪ» ግን የ«አማከረ» ልጅ ነው። «ሐኪም አማከርኩ» የሚል ሰው ጉዳዩን የዘረዘረውና የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ ቃሉ በግንዱ የያዘው መናገርን ሳይሆን መጠየቅን ነው። ከቦስተን እስከ ሜሪላንድ አንድ መቶ ዓመት የፈጀው ጉዞ በእኛ አንድ ግስ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እኛ ግን ሁለቱን ቃላት አንድ አድርገን አማካሪን ሁሉ መካሪ አደረግነው።

ወንድሜ በሕይወት አለ። ባሕር ተሻግሮ በየመን በኩል ሳዑዲ ገባ፤ ዛሬ ጅዳ ይሠራል። ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ደውሎ፣ ምንም ሳልለው፣ ስለዚያ ምሽት አነሣ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ልጆቹ እንሂድ ብለውኝ ነበር። እኔ ፈርቼ ነበር። ‹አትሂድ› እንድትለኝ ነበር የመጣሁት» አለኝ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ልለው የሚገባኝ ምክር አንዲት ቃል ነበረች። ሊሰማት የፈለጋት ብቸኛዋ ምክር በአንድ ሰዓት ንግግሬ ውስጥ ሳትኖር ቀረች።

ምን ልበለው? ልናገር ከንፈሬን አላቀቅሁና ተውኩት። «እስቲ ንገረኝ» አልኩት። እስኪነጋ አወራን፤ ማለቴ፣ አወራ። በማግስቱ ከመስኮቴ ኋላ ተቀምጬ፣ በገንዘብ መቁጠሪያው ድምፅ መካከል፣ በተበላሸ የደረሰኝ ጀርባ ላይ ይህችን ጫርኩ፦

ላማክርህ ብሎ ደጄን ቢያንኳኳ፣
መክሬ ሸኘሁት ሳልሰማው ለካ።
ባሕር ተሻግሮ ድምፁ ሲመጣ፣
ምክሬን ዋጥኩና ጆሮዬ ወጣ።